ዜማው ሄዶ ከበሮው ሲቀር

ሰው ሚስጥር ሊያወራ ሲል በር ይዘጋል። የእንዝርት የመጨረሻ ልጅም ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ አባቷን በክንዱ ይዛ ወደ ሰገነቱ ወሰደችውና የመስታወቱን በር ከኋላዋ ገጥማ ዘጋችው። እናትየው ግን ድንች እየላጠች የተቀመጠችው ፊቷን ወደዚያው መስታወት አዙራ ነበር።

እንዝርት የሚለው ስም የወጣላት ገና በሃያ ዓመቷ ነው። በጨርቅ ፋብሪካው የሠራተኞች ክበብ ውስጥ ስትደንስ እንደ እንዝርት ስለምትሾር እንደ ቀልድ ጠሯት፤ ስሙም እንደተጣበቀባት ቀረ። ዕድሜዋን የፈጀችው በዚያ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ማሽኖቹ ባንዴ ሲነሱ ሰው የገዛ ድምፁን እንኳ አይሰማም። ስለዚህ የክፍሉ ሴቶች ያለ ድምፅ፣ በከንፈር ብቻ ማውራት ለምደው ነበር። አንዷ ከወዲህ ማሽን፣ ሌላዋ ከወዲያ ሆነው ስለ ምሳው፣ ስለ ባላቸው፣ ስለ አለቃው አዲስ ኮት ያወጋሉ። አለቃው መሃላቸው ቆሞ እየታማ፣ ሴቶቹ ማስቲካ የሚያኝኩ ይመስለው ነበር ይባላል።

ባሏ የዚያው ክፍል መካኒክ ነበርና ይህን ወሬ እሱም ያውቅበታል። ሲጋቡ ልማዱን ይዘውት ቤት ገቡ። ሕፃን ሲተኛ በከንፈር፣ እንግዳ ሲኖር በከንፈር፣ ሲጣሉም ጎረቤት እንዳይሰማ በከንፈር ነው። ልጆቹ ያደጉት አፍ አፍ እያዩ ነው። እና የዚህ ቤት ልጅ ሆና መስታወት ዘግታ ሚስጥር ማውራቷ እንዝርትን ሆዷን አስይዞ ሊያስቃት ምንም አልቀረው።

ልጅቷ ጀርባዋን ስለሰጠች ከንፈሯ አይታይም። ባልየው ግን ፊት ለፊት ነው። እሱ በቀን አሥር ቃል ከወጣው ተመስገን የሚባልለት ሰው ሲሆን፣ ያን ቀን ምን እንደነካው እንጃ፣ የልጅቷን ነገር ሁሉ እየደጋገመ መልሶ ይጠይቅ ነበር። ከዳቦ ቤቱ ጎን ያለውን አዳራሽ ተከራየሽ? ለእናትሽ ሰባኛ ዓመት? እሑድ ከሰዓት? ከወጣትነቷ ጀምሮ የደነሰችባቸው ሙዚቃዎች በየተራ ይከፈታሉ? ከዚያ ቃሉን አንድ በአንድ እየነጠለ፣ ሙዚቃው ሲጀምር የትኛው እንደሆነ እሷው ትናገራለች፣ ቀጥላም ትደንሳለች ማለት ነው፣ አለ።

የያዘችው ድንች አምልጧት ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

የእንዝርት ጆሮ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። ባንዴ አልሄደም። መጀመሪያ መስኮቱ ላይ የሚንጫጩት ወፎች ዝም አሉ፤ ቀጥሎ የማንቆርቆሪያው ፉጨት ጠፋ። ከዚያ ዘፋኞች ቃል መዋጥ ጀመሩ። የዘንድሮ ዘፋኝ አፉን አይከፍትም እያለች ስታማ ከረመች፤ በኋላ የጥንቶቹም እንደዚያው ሆኑባት። ጊታሩ ሄደ፣ ጥሩምባው ሄደ። በመጨረሻ ዜማው እንዳለ ሄዶ ከበሮው ብቻ ቀረ፤ እሱንም የምታገኘው በውስጥ እግሯ ነበር። የሳሎናቸው ወለል ጣውላ ነው። ሬዲዮው ሲከፈት ጣውላው ይነግራታል፤ እሷም ወገቧን ነቅነቅ ታደርጋለች፤ ቤተሰቡም እማዬ ዛሬም አልተቻለችም ይላል። በከንፈር በሚወራበት ቤት ጆሮ የሌለው ሰው በምን ይታወቃል?

የደበቀችውም ያለ ምክንያት አልነበረም። በሽመና ክፍሉ የሁሉ ታላቅ የነበረች አንዲት ሴት ጆሮዋ ሲደክም፣ ሰዎች መጀመሪያ ጮኸው ያናግሯት ነበር፤ ቀጥሎ በአጭር በአጭሩ፤ በኋላ ስለ እሷ እዚያው ፊቷ ማውራት ጀመሩ። ግብዣ ላይ ጥሩ ወንበር ይሰጧታል፣ ከጀርባዋ ትራስ ያደርጉላታል፣ ከዚያ ይረሷታል። ሙዚቃ ሲከፈት እጇን ይዞ የሚያስነሳት ሰው አልነበረም። «እሷማ አትሰማም» ይባላል። እንዝርት ያቺን ወንበር ትፈራለች።

አሁን እንግዲህ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነ። አዳራሹ ይቅርብኝ እንዳትል ስለ አዳራሹ አታውቅም። ዳር ዳር ብላ ሞከረች፤ ሰው ዓመቱን ሲያከብር በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ወለሉ ላይ ሲሆን ነው የሚያምረው፣ አለች። ልጅቷ በሰባ ዓመቱ ልደት የሚያከብር ማን አለ ብላ ሳቀችባት። ስትዋሽ እንደ አባቷ ጆሮዋ ድረስ ትቀላለች።

በማግስቱ እንዝርት ዳቦ ልግዛ ብላ ወጥታ ወደ አዳራሹ ሄደች። ወለሉ በሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ነጭ ሸክላ ነው። ጫማዋን አውልቃ ቆመችበት። ቀዝቃዛ ነው፤ ተረከዟን ብትመታበትም ምንም አይመልስም፤ ዲዳ ወለል። የአዳራሹ ጠባቂ መጥቶ፣ እማማ የጠፋብዎት ነገር አለ ወይ ሲላት፣ ገና ነው ልጄ፣ እሑድ ይጠፋብኛል አለችው። ሰውየው የገባው አይመስልም።

በዚያው ሳምንት ባልየው የድሮውን ቴፕ ሪከርደር ካልጠገንኩ ብሎ ተነሳ። ከቁም ሳጥን አናት አወረደው፤ አቧራውን እፍ አለ፤ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል የሷ የልብስ ስፌት ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። ካሴት እያስገባ ይሞክራል፣ ያወጣል፣ ደግሞ ያስገባል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ጠረጴዛዬን ልቀቅ ብላ ታባርረው ነበር። አሁን ግን ቀዳዳ የምትጠቅም መስላ መዳፏን እንጨቱ ላይ ጣል አደረገች። የካሴቶቹን መሸፈኛ እያየች፣ እያንዳንዱ እንጨቱን እንዴት እንደሚነዝረው ማጥናት ያዘች።

የክበቡ አኮርዲዮን ገብቶ ወጣ፤ ዋልስ ነው፣ አንድ ከባድና ሁለት ቀላል። መካኒኩ ከእሷ ጋር ሊደንስ ብሎ ጫማዋን የረገጠበት፣ ይቅርታ ሲል ደግሞ ሌላኛውን የረገጠበት። በተጋቡ ሰሞን የሙዚቃ ሸክላው እስኪሰነጠቅ ያስጮኹት ቻቻቻ መጣ። ልጆቹን እግራቸው ላይ አቁመው ማድ ቤት ውስጥ የደነሱበት ትዊስት መጣ። ፋብሪካው የተዘጋ ዕለት የተከፈተው፣ ያ ጥሩምባ የበዛበትም መጣ። ያን ቀን ማሽኖቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ባንዴ ዝም ብለው ነበር፤ ሴቶቹ በመሃላቸው ደነሱ። ስንት ዓመት በረገጡት ወለል ላይ የጫማቸውን ኮቴ ሲሰሙት የመጀመሪያቸው ነበር።

እሑድ ከሰዓት ልጅቷ የሐኪም ቀጠሮ ይዤልሻለሁ ብላ አዳራሹ በር ላይ አደረሰቻት። በሩ ገና ገርበብ ሲል እንዝርት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ደነገጠች። ማሽኗ ትይዩ የነበረች የሥራ ጓደኛዋ፣ እንዝርት እስከ ዛሬ ማዶዬ እያለች የምትጠራት፣ ከአዳራሹ ጥግ ሆና በከንፈር፣ እቴ ድንጋጤሽ ቀደመሽ፣ በሩ በደንብ እስኪከፈት እንኳ አልቆየሽም አለቻት። ከሽመና ክፍሉ በሕይወት ያሉት ሴቶች ብዙዎቹ ተጠርተዋል። መሃል ላይ በሪባን የተጌጠ፣ ትራስ የተደረገለት ወንበር ቆሟል። እንዝርት ወንበሩን ባየች ጊዜ የእውነት ደነገጠች።

አልተቀመጠችም። ድምፅ ማጉያው የተቀመጠበትን የእንጨት ጠረጴዛ ተደገፈች፤ ወገቤን ይዞኝ ነው ብላ። ሙዚቃውን የሚከፍተው፣ ልጅቷ በምትሠራበት መድኃኒት ቤት ባልደረባዋ የሆነ ልጅ፣ የመጀመሪያውን አስነሳ። አንድ ከባድ፣ ሁለት ቀላል። የክበቡ ዋልስ፣ አለች። አጨበጨቡ፤ ከባሏ ጋር ዞረች፤ ጫማዋን ረገጣት። ቻቻቻውንም አወቀች። ትዊስቱንም አወቀች፤ በመሃሉ ማዶዬን ጎትታ አስገባቻት። የጥሩምባው ሲመጣ የሽመና ክፍል ሴቶች ሳይጠሩ ተነሱ። በየዕረፍቱ እየተመለሰች ጠረጴዛዋን ትደገፋለች። ነገሩ ያለቀ መስሏት ልቧ ቀለል አላት።

ያኔ ልጅቷ ወደ መሃል ገብታ አንድ የቀረ አለ፣ ይህን ለአባዬም አልነገርኩትም አለች።

ጠረጴዛው ነዘረ። እንዝርት ጣቷን አጠበቀች፤ ይህን አታውቀውም። ዝግ ያለ፣ አንዴ መጥቶ የሚጠፋ ምት ነው። ካሴቶቹ መሃል አልነበረም። ሰው ሁሉ አፏን ያያል። ልጅቷ እጆቿን አገጯ ሥር አድርጋ ትጠብቃለች፤ ከሁሉም ይልቅ ይህን እንድታውቅላት እንደፈለገች ከዓይኗ ያስታውቃል። እንዝርት ዓይኗ ሲቅበዘበዝ ከግድግዳው አጠገብ የቆመው ባሏ ላይ አረፈ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ልጅቷ ስታተኩስ አቅፈሽ የደነስሽበት።»

«አንቺ ስታተኩሺ አቅፌሽ የደነስኩበት ነው» አለች እንዝርት ጮክ ብላ።

ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። ልጅቷ ግን አላጨበጨበችም። የዚያ ቤት ልጅ ናት፤ እናቷ ያየችውን ከንፈር እሷም አይታዋለች። ባለችበት ቆማ፣ ሰው ሁሉ በሚንጫጫበት መሃል፣ ያለ ድምፅ ጠየቀቻት።

«ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም» አለች እናትየው፣ እሷም በከንፈር። «አልሰማሁትም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንቺ መድኃኒት ቤቱ ሳትቀጠሪ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ወንበር ታመጪልኛለሽ ብዬ።»

አዳራሹ ውስጥ ይህ ንግግር ለግማሹ ሰው አልተሰማም፤ ለሌላው ግማሽ ግን በጩኸት የተነገረ ያህል ነበር። ሽመና ክፍል ውስጥ አንድ ደንብ ነበር፤ ሁለት ሰዎች የግል ጉዳያቸውን ሲያወሩ ሌላው ዓይኑን ወደ ክሩ ይመልሳል። አሮጊቶቹ ባንዴ አንገታቸውን ደፍተው የገዛ እጃቸውን መመልከት ያዙ። ማዶዬ ቀሚሷ ላይ የሌለ ክር ለቀም አደረገች።

ልጅቷ ወንበሩን አየችው። ሪባኑን አየችው፣ ትራሱን አየችው። ከዚያ በሁለት እጇ አንስታ ከመሃል አወጣችው፤ ከበሩ አጠገብ ካስቀመጠችው በኋላ የእንግዶቹን ኮት ከምራ ከመረችበት። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ እናቷን ግንባሯን ሳመቻት።

ሙዚቃ ከፋቹ ነገሩ ስላልገባው ሌላ አስነሳ፤ ወጣቶቹ ወደ መሃል ገቡ። ባልየው መጥቶ እጁን ዘረጋላት። እንዝርት እጁን ከመያዟ በፊት አፉን ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ የሰገነቱን የመስታወት በር አሰበች። ልጅቷ ጀርባዋን የሰጠችው፣ እሱ ፊቱን ያዞረው። ቃል በቃል የደጋገመው። ጠረጴዛዋ ላይ የዘረገፈው ቴፕ።

«አውቀህ ነው?» አለችው።

«ታዲያ በዚህ ዕድሜዬ» አለ መካኒኩ፣ «ያን ሁሉ ቃል በከንቱ የማወጣ ይመስልሻል?»

ስንት ዓመት ዝም ያልከኝ ለምንድን ነው ልትለው ብላ ተወችው። እሷስ ስንት ዓመት ነው ዝም ያለችው? ሁለቱም አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ኖሯል። መዳፏን ደረቱ ላይ አደረገችና ከጠረጴዛው ራቅ ብለው ቆሙ። ዲዳው ወለል ምንም አይነግራትም። ዙሪያውን ሰው ይዘላል፣ ይስቃል፤ ምን እንደተከፈተ አታውቅም። «እንግዲህ አንተ ዝፈንልኝ» አለችው።

ባሏ ሲዘፍን ሰምታው አታውቅም፤ ማንም ሰምቶት አያውቅም። ጉሮሮውን ጠረገ። ደረቱ መዳፏ ሥር መንዘር ጀመረ፤ እንደ አሮጌ ሞተር አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል። አንድ ከባድ፣ ሁለት ቀላል።

«የክበቡ አኮርዲዮን» አለች።

መካኒኩ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። አዳራሹ ውስጥ የሚጮኸው ሌላ ነበር፤ ፈጣን፣ የወጣቶች ዘፈን፤ እነሱ ብቻ በመሃሉ ቀስ እያሉ በዋልስ ይዞሩ ነበር። አንዲት ወጣት አይታቸው ሳቋን በእጇ ሸፈነች። ልጃቸው ግን ቆማ አባቷን ከንፈሩን አየችው፣ እናቷን እግሯን አየቻት፤ ከዚያ ወደ ሙዚቃ ከፋቹ ሄዳ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው።

እንዝርት ያንን አላየችም። ያየችው ቀጥሎ የሆነውን ነው። የሚዘሉት እግሮች መጀመሪያ ተደናበሩ፤ ከዚያ ወጣቶቹ ወደ ዳር ወጡ፣ አሮጊቶቹ ተነሱ፤ ማዶዬ ያገኘችውን አንድ ሰው በክንዱ ጎተተች። አንድ ከባድ፣ ሁለት ቀላል። የሁሉም ጫማ በመዳፏ ሥር ካለው ደረት ጋር ገጠመ። ዘፈኗ እንደተከፈተ በዓይኗ አወቀች። የባሏን እጅ ከፍ አድርጋ ከሥሩ ሾረች። እሱም እንደ ድሮው ጫማዋን ረገጣት፤ ይቅርታ ሲል ደግሞ ሌላኛውን።