ማን እንደሞተ ያልታወቀበት ለቅሶ

ጠባሴ ሰፈር ውስጥ ጋሽ ወልደአረጋይ ሳይለፍፉለት የተቀበረ የእድር አባል ብትፈልጉ አታገኙም ነበር። በጎልማሳነታቸው ከጎረቤላ ወደ ደብረ ብርሃን መጥተው ብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ እዚያው ሠርተው ጡረታ ወጡ። ሰው የሚያውቃቸው ግን በፋብሪካው ሳይሆን በእድሩ ጥሩንባ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ሳለ ጥሩንባው ሲጮህ የሰፈሩ ሰው ከነብርድ ልብሱ ቁጭ ይልና ጆሮውን ያቆማል። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይላሉ። አይቸኩሉም። የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ የቀብሩን ቦታ ከነሰዓቱ አጥርተው ይጠራሉ። ለባለጸጋው ረዘም፣ ለድሀው አጠር የሚያደርጉት ነገር የለም። አንዳንዱ ሽማግሌ «እኔ ስሞት ወልደአረጋይ ይጥራኝ እንጂ ሌላው የናንተ ጉዳይ ነው» እያለ ይቀልድ ነበር።

አምና በጥር፣ አንድ ማለዳ እንደ ልማዳቸው የሰው ሞት ሊለፍፉ ተነሡ። ባለቤታቸው አመተ ማርያም ተኝታለች። እንዳትነቃ በዝግታ ለበሱ፤ የሱፍ ባናውን እስከ ትከሻዋ ሳብ አድርገው አለበሷት፤ በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ። ሰፈሩን አዳርሰው ሲመለሱ ባናው እሳቸው እንዳለበሱት ነበር። አልተነካካም። አመተ ማርያም ግን አርፋለች። ሐኪሙ ልቧ ነው አለ።

ከዚያ ወዲህ ጥሩንባው ከንፈራቸውን ሲነካ ደረታቸው ይቆለፋል። ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል። የእድሩ ሊቀመንበር ተስፋሚካኤል «ለጊዜው ነው» ብሎ ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ አሳሰረ። የባጃጁ ነገር ደግሞ እየበረረ ስለሚናገር የሟቹ ስም ላይኛው ሰፈር፣ የአባቱ ስም ታችኛው ሰፈር ይቀራል። ጋሽ ወልደአረጋይ በሰሙት ቁጥር ጋቢያቸውን ይከናነባሉ። ልጅ አልወለዱም፤ ሚስታቸው ሄደች፤ ጥሩንባውም ከሄደ ለዚህ ሰፈር ምን እንደሚሆኑ ለራሳቸውም አልታወቃቸውም።

ሳንባ ነው ብለው ሆስፒታል ሄዱ። ራጅ ተነሡ። ሳንባዎ የጎረምሳ ነው ተባሉና የአእምሮ ጤና ክፍል፣ ሲስተር ሊያ ዘንድ ተላኩ። ሊያ ገና ወጣት ናት፤ ሰው ሲናገር አታቋርጥም። እስኪጨርሱ ሰማቻቸውና ስለ ትንፋሽ ነገረቻቸው።

«ጋሼ፣ በቀን አንድ ጊዜ ቁጭ ይበሉና ትንፋሽዎን ልብ ይበሉት። ሲገባም ሲወጣም ማየት ብቻ ነው። ሐሳብ ሲመጣ አያባርሩት፣ አይከተሉትም፤ መጣ ብለው ወደ ትንፋሽዎ ይመለሱ።»

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ከሃይማኖቴ አያስወጣኝም?»

«እየተነፈሱ አይደል እንዴ የመጡት?»

ጋሽ ወልደአረጋይ አልሳቁም። «ሚስቴ ሞታብኝ አንቺ ተንፍስ ትይኛለሽ» አሏት።

ሊያ አልተቀየመችም። «እሳቸውን አይመልስም፤ ሐዘንዎንም አይወስድም። የረዳውም አለ፣ ያልረዳውም አለ። ይሞክሩትና ካልረዳዎት አልረዳኝም ይበሉኝ።»

ይህ አነጋገሯ ደስ አላቸው። ከዚያ በፊት የመከራቸው ሁሉ «እርሳው» ነበር ያላቸው።

ቤታቸው ገቡና በሩን ዘግተው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጀመሪያ የመጣው ባናው ነው። ቀጥሎ ጸጥታው። ቀጥሎም ያው የደረት መቆለፍ። እየሮጡ ወጡ። በማግስቱ ሊያ ዘንድ ሄደው ተቆጡ። «ልትፈውሽኝ ነው ወይስ ልትጨርሽኝ?»

ሊያ ደነገጠች፤ ይቅርታም ጠየቀች። «ዓይንዎን አይጨፍኑ። ቤት ውስጥም አይሁን። ደጅ፣ ፀሐይ ላይ፣ እግርዎ መሬት ነክቶ ይቀመጡ» አለቻቸው።

ደጃቸው ላይ ከአጥሩ ጋር የተያያዘ የድንጋይ መደብ አለ። የደብረ ብርሃን ብርድ በጋም ቢሆን ጠዋት ምሕረት የለውምና ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ተከናነቡ፣ አንገታቸውን አቀረቀሩ፣ መሬት መሬቱን እያዩ ትንፋሻቸውን መከታተል ጀመሩ።

እንግዲህ ፍረዱ። ሚስቱ የሞተችበት ሰው፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ አቀርቅሮ ደጁ ላይ ቁጭ ብሏል። የጎረቤታቸው የእትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ዓይን ሌላ ምን ብሎ ይተርጉመው? ከሩቅ መርዶ መጥቶበታል አሉ በልባቸው። ሐዘንተኛ ደግሞ ማን ሞተብህ ተብሎ አይጠየቅም፤ መጀመሪያ ይቀመጡለታል። ነጠላቸውን አዘቀዘቁና «እግዜር ያጽናህ» ብለው አጠገባቸው ተቀመጡ።

ጋሽ ወልደአረጋይ ስለ አመተ ማርያም ያሉ መሰላቸው። «አሜን» አሉና ወደ ትንፋሻቸው ተመለሱ።

አላፊ አግዳሚው ሁለቱን አየ። ሁለት ሰው እንዲህ ከተቀመጠ ያው ነው፤ ሦስተኛው ተቀመጠ፣ አራተኛው ተከተለ። መደቡ ሞልቶ ሰው ድንጋይ እያንከባለለ ይቀመጥ ጀመር። እያንዳንዱ ሌላው የሚያውቅ ስለመሰለው ማንም ማንንም አልጠየቀም። ረፋዱ ላይ ከአንዱ ቤት ንፍሮ መጣ። ይሄኔ ጋሽ ወልደአረጋይ ቀና ብለው አዩና እሳቸው ደግሞ ሰፈር ውስጥ ሰው ሞቶ ሳይነግሩኝ ነው ብለው ደነገጡ። ለመጠየቅ ግን ነውር ሆነባቸው። ንፍሮውን ቆረጠሙ።

በመጨረሻ ተስፋሚካኤል የእድሩን ድንኳን በጋሪ አስጭኖ፣ ቋሚዎቹን የተሸከሙ ጎረምሶች አስከትሎ ደረሰ።

«ጋሼ፣ እግዜር ያጽናዎ። የት ጋ እንትከለው?»

«ምኑን?»

«ድንኳኑን ነዋ።»

«ማን ሞተና?»

ተስፋሚካኤል ወደ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ዞረ። እሳቸው ወደ ጎናቸው ዞሩ። ጎናቸው ያለውም ወደ ጎኑ ዞረ። ጥያቄው መደቡን ዞሮ ዞሮ ጋሽ ወልደአረጋይ ዘንድ ተመለሰ።

«እኔ እንኳ ሐኪም አዞኝ እየተነፈስኩ ነበር» አሉ።

ከዚያ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ሰዉ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ቋሚ የተሸከሙት ጎረምሶች ቋሚውን ጥለው ሳቁ። ጋሽ ወልደአረጋይም ሳቁ። አመተ ማርያም ካረፈች ወዲህ ያን ቀን ገና መሳቃቸው ነው፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠባቸው። ማንም «ተው» አላላቸውም። በአመተ ማርያም ለቅሶ ጊዜ ካርታ ተጫውተውላቸው፣ ስለ ጤፍ ዋጋ አውርተውላቸው፣ እንዲረሱ ያልተደረገ ነገር አልነበረም። ዛሬ ግን አብረው ተቀምጠው እስኪበቃቸው እንዲያለቅሱ ተዉአቸው። ጋሽ ወልደአረጋይም ለመጀመሪያ ጊዜ ያችን ማለዳ ተረኩ፤ በዝግታ መልበሳቸውን፣ ባናውን፣ ገርበብ ያለውን በር።

«አልብሰሃት ነው የሄድከው» አሉ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ሲጨርሱ። «ሞቋት ነው የሄደችው። ይሄንን ያዝ።»

ከዚያ ወዲያ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ መደቡ ላይ ጎራ ማለት ልማድ አደረጉ። «በል ተንፍስ፣ እኔ ልጠብቅህ» ይላሉ፤ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ሌሎችም የተመቻቸው ይመጣሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ያለው ሰው እውነቱን ነው። የደረቱ መቆለፍ አልጠፋም፤ ሲመጣ ግን እንደ ድሮው ከቤት አያስሮጣቸውም። መጣ ይላሉ፣ አብረውት ይቀመጣሉ፣ ይሄዳል።

ክረምት መግቢያ ላይ ሊያ «እውነቱን ይንገሩኝ፤ ረዳዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ጋሽ ወልደአረጋይ አሰቡበት። «ሐዘኔ እንዳለ አለ፣ ልጄ። ከሱ ጋር መቀመጥን ግን አስተምረሽኛል፤ እግዜር ይስጥሽ። ብቻዬን ብሆን አልችለውም ነበር።» ጥሩንባውን እንደሆነ ገና አልነኩትም ነበር።

ለመስቀል ሰሞን እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ አጭር ሕመም ታመው አረፉ። ተስፋሚካኤል ንጋት ላይ መጥቶ በሩን አንኳኳ። «ጋሼ፣ ባጃጁን ልላከው?» አለ ዓይናቸውን ሳያይ።

«ለእሷማ ባጃጅ አይሆንም» አሉ።

ጥሩንባውን ከግድግዳው አወረዱ። ከንፈራቸውን ሲነካ ደረታቸው ተቆለፈ። አልታገሉም፤ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። እግራቸው ቀዝቃዛውን መሬት ነካ። አመተ ማርያም መጣች፣ ባናው መጣ፣ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስም ከነመቁጠሪያቸው መጡ። አንዱንም አላባረሩ። ትንፋሻቸው እንደምንም ገባ፣ እንደምንም ወጣ፣ ቀስ በቀስ ሰፋ። ተነሥተው ነፉ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የእድራችን እናት ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ አርፈዋል!» ሰፈሩ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። አንዳንዱ ሰው ለሟቿ ከማልቀሱ በፊት ድምፁን ሰምቶ «ተመስገን» አለ፤ ያለውም በኋላ አፍሮ አልካደም።

መልፈፉን ጨረሱ። የቀራቸው መመለሱ ነው። አመተ ማርያም ያረፈች ዕለትም መልፈፉ አይደለም የጎዳቸው፣ መመለሱ ነው። ወደ ቤታቸው ከሚያስገባው መታጠፊያ ሲደርሱ ትንፋሻቸውን ቢፈልጉ አጡት። እንደምንም ታጠፉ።

መደቡ ላይ ሰው ሞልቷል። ተስፋሚካኤል አለ፣ ጎረምሶቹ አሉ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል። ከለቅሶው ቤት በፊት እሳቸው ዘንድ መጥተው፣ እስኪመለሱ እየጠበቁ ነበር። መሐል ላይ የእትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ቦታ ባዶውን ተትቷል።

ጋሽ ወልደአረጋይ ጥሩንባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እዚያ ቦታ ተቀመጡ።