ያለ ፈቃድ ሲነዳ ተይዞ

ባለቤቴ አባይነህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሞላሌ ደብረ ብርሃን በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ስምንት ዓመት ረዳት ነበር። ጎማ ሲፈታ፣ ዳገት ላይ ታኮ ሲያስገባ፣ አቧራ ሲቅም ነው ወጣትነቱ ያለቀው። በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ሰኔ ላይ ሾፌሩ ጋሽ ኃይለ ኢየሱስ ዓይናቸው ደከመና «እስከ ጥቅምት መንጃ ፈቃድ ካወጣህ መሪው ያንተ ነው። አለዚያ ለሌላ ይሰጡታል» አሉት።

ዕድሜው ደርሷል፣ ጽሕፈት ያውቃል፣ ሐኪሙም ፈርሞለታል። የቀረው፣ ተፈርዶበት ያውቅ እንደሆነ የሚገልጽ የገበሬ ማኅበሩ ወረቀት ነው። መከራችን እዚህ ላይ ጀመረ።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ጓሳ የሚባለው የጋራ የሣር ምድራችን በተከለለበት ወራት፣ በጎቻችንን ያለ ፈቃድ ነድቶ አስገብቶ የማኅበሩ ሸንጎ አሥር ቀን አስሮት ነበር። ጥፋቱን አልክድም፤ ሣር ጠፍቶብን ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ ፈንታ ታዲያ «ያለ ፈቃድ ሲነዳ ተይዞ አሥር ቀን ታስሯል» ብሎ ጻፈና ማኅተም መታበት።

ደብረ ብርሃን ፈቃድ የሚሰጠው ሹም አነበበና ቀና አለ።

«ያለ ፈቃድ የነዳ ሰው ሁለት ዓመት አይሰጠውም። የመኪናው ታርጋ ስንት ነበር?»

«ኧረ ጓድ፣ በግ ነው የነዳሁት!»

«ወረቀቱ ላይ በግ የለም።»

ይህን ሲነግረኝ ተናድጄ ፈንታ ዘንድ ሄድኩ።

«ምነው ፈንታ፣ በጉን የት ዋጥከው?»

«እትዬ ጌታነሽ፣ እዚህ አገር ሌላ ምን ይነዳል? አውሮፕላን?»

«ይህን ለደብረ ብርሃኑ ሰው ማን ይንገረው? ጻፍበት!»

ማኅተም ያረፈበትን ሸንጎው ካልተሰበሰበ አልነካም አለ። ሸንጎው አረም ላይ ነው፤ አረሙ ሲያልቅ ደግሞ ወረዳ ስብሰባ ተጠራ። ጳጉሜን ላይ በመከራ «በግ ሲነዳ» የሚል ወጣ።

ሹሙ ይህንንም አነበበ። «የማን በግ? በግ መንዳት ስርቆት ነው። ስርቆት ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል!»

አባይነህ ያን ቀን ጫማውን ሳያወልቅ መደብ ላይ ቁጭ አለ። «ጌታነሽ፣ ሾፌር ልሁን ብዬ ሌባ ሆንኩ» አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ፊቱን አይቼ ዋጥኩት።

በነጋታው ሄጄ ፈንታ ደጅ ላይ ተቀመጥኩ፤ «የገዛ በጎቹን» የሚል ካልተጨመረልኝ ንቅንቅ አልልም ብዬ። ስንት ቀን ተመላለስኩ! «የበጎቹንም ስም ልጻፍልሽ እንዴ?» እያለ ሲያላግጥብኝ ከርሞ ሸንጎው እንደገና ሲሰበሰብ ጻፈ።

ፈቃዱ ለኅዳር ሚካኤል ሰሞን ወጣ። መሪው ግን ጥቅምት ላይ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። አባይነህ ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከትቶ እንደገና ከኋላ ተንጠለጠለ።

አንድ የገበያ ቀን እኔም ጭነቱ ላይ ተሳፍሬ ስንሄድ መንገዱን በግ ሞላው። አዲሱ ሾፌር ጥሩምባ ቢነፋ ማን ይስማው። አባይነህ ዘሎ ወረደና መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ ለባለ በጎቹ ሽማግሌ ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

«አይስጉ አባባ፣ ፈቃድ አለኝ!» አለና በጎቹን እየነዳ ከመንገዱ አወጣቸው።

ያኔ የዋጥኩት ሳቅ ከነእንባው ወጣ። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ምን እንዳገኘኝ አልገባቸውም።