ሦስቱ ግልባጮች

ሰሞኑን ልጄ ሳሎን ተቀምጦ ከሥራ ባልደረባው ጋር በስልክ ሲጨቃጨቅ ሰማሁት። ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ይጽፋሉ። «ሁላችንም ቅጂውን የወሰድነውን የሥራ መዝገብ ብቻህን አርመህ በላዩ ላይ ጫንክበት? መጀመሪያ ሌላ ሰው የጨመረበት ነገር እንደሌለ ማየት አትችልም ነበር?» ይላል። ወጥ ቤት ሆኜ እጄ ቆመ።

በደርግ ጊዜ የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ ናዝሬት ውስጥ የአንድ ቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። ቃለ ጉባኤውን በካርቦን ሦስት አድርጌ እተይባለሁ፤ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ከቀበሌው በላይ ላለው ለከፍተኛው፣ አንዱ ለአብዮት ጥበቃ። አንድ የግንቦት እሁድ ጎረቤታችን መምህር ደረጀ ስብሰባው መሐል ተነሱና «የተወሰዱት ልጆች የት ናቸው?» ብለው ጠየቁ። እኔም ቃል በቃል ጻፍኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ሊቀመንበሩ ጋሼ ቶሎሳ በሩን ዘጉ።

«ልጄ፣ ይህቺን መስመር አውጥተሽ እንደገና ተይቢው።»

«ግልባጮቹ እኮ ሄደዋል።»

«ሄደሽ እያቸው። ማንም ካልነካቸው ሦስቱንም እንቀይራለን። አንዱ እንኳ ከተነካ ግን ምንም እንዳትቀይሪ።»

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከመቂ የመጣው ፓፓያ በየመንገዱ ዳር በስሎ ይሸታል። ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ሠራተኛዋ ዘይነባ፣ የወሎ ልጅ፣ መሳቢያዋን ከፍታ ወረቀቱን ሰጠችኝ። «ገና አልመዘገብኩትም። እህቴ፣ እኔ አላየሁሽም» አለች በሹክሹክታ።

አብዮት ጥበቃ ቢሮ ስደርስ ኃላፊው ለምሳ ወጥቷል። ግልባጩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የመምህሩ ጥያቄ ሥር በቀይ እስክርቢቶ ተሰምሮ፣ ጠርዙ ላይ «ይጣራ» ተብሎበታል። እጄን ሰደድኩ። መለስኩት።

የዘይነባን ወረቀት እንዳለ መልሼላት በቀጥታ መምህሩ ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው ግቢው ውስጥ በርበሬ እያሰጡ ነበር። «እትዬ፣ ዛሬውኑ ይሂዱ በሏቸው» አልኩ። ለምን ብለው እንኳ አልጠየቁኝም። ከሰዓት በኋላ መምህር ደረጀ ትንሽ ቦርሳ ይዘው የሻሸመኔ አውቶቡስ ላይ ሲሳፈሩ ከሩቅ አየኋቸው።

ሐሙስ ከአብዮት ጥበቃ ሁለት ሰዎች መጡ። ሦስቱን ግልባጮች ጠረጴዛዬ ላይ ደርድረው፣ ጣታቸውን እያሳለፉ መስመር በመስመር አስተያዩ። ጋሼ ቶሎሳ ከኋላቸው ቆመው በላብ ተጠምቀዋል። የፊደል ልዩነት እንኳ አልተገኘም። እኛ ተረፍን። መምህሩን ግን ከዚያ ወዲህ ያየ ሰው የለም፤ ባለቤታቸው ደርግ ከወደቀ በኋላም ዓመታት ጠበቋቸው።

ልጄ እራት ላይ የባልደረባው ስህተት እንደተስተካከለ ነገረኝ። ደግ ነው አልኩት። ያኔ ወረቀቱን ባለመቀየራችን ራሳችንን እንዳዳንን ዛሬም አምናለሁ። ግን ያን እሁድ የመምህሩን ጥያቄ ቃል በቃል ጻፊ ብሎ ያዘዘኝ ሰው አልነበረም።