ዋይ ወይስ ኤን

«ልቀጥል?» ይለኛል ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ የፕሮግራሞቹን ማደሻ ትእዛዝ ጽፌለት፣ አዎ ካልኩ የ«ዋይ»ን፣ እንቢ ካልኩ የ«ኤን»ን ቁልፍ እንድነካ እየጠበቀኝ ነው። ደከመኝ እኮ! ዓይኔም ወገቤም ዝሏል፣ የቆቦ ሙቀትም አለ። ይህ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ሰይድ ትዝ ይለኛል።

ያኔ ጎረምሶች ነበርን። እዚሁ አስፋልቱ ዳር ባለችው የኮምፒውተር ማሠልጠኛ እኔ አስተምራለሁ፣ ሰይድ ደግሞ በሙከራ ተቀጥሮ ማሽኖቹን ያዘጋጃል። የማሽላ እሸት ወራት ነበር፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው በመስኮት ገብቶ የእሸት ጥብሳችን ላይ ያርፋል። ቅዳሜ ከሮቢትና ከዋጃ ሠልጣኞች ሊገቡ ነው፣ የአማርኛ መጻፊያው ግን ገና አልተጫነም። ኃላፊያችን «ካልደረሰ ሰይድ ወደ ማሽላ እርሻው ይመለስ» ብለዋል።

ኔትወርክ ደህና የሚሆነው ዓርብ፣ ሰው ሁሉ ጁምዓ ሲሄድ ነው። ሰይድ የመጫኛውን ትእዛዝ ሰጥቶ ወደ መስጊድ ሮጠ፤ እኔም ምሳ ወጣሁ። ተመልሰን ብናይ «ተቋርጧል» ይላል።

«ወላሂ፣ እሺ ብዬዋለሁ!» አለ ሰይድ።

ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ «ልቀጥል?» ከሚለው አጠገብ በእንግሊዝኛ ፊደል «ኢንሻአላህ» ብሎ ጽፎለታል! ለነገሩ ዝም ብሎ ኢንተርን ቢነካው እንኳ ይቀጥል ነበር። በሳቅ ፈረስን። ሳቃችንን ሳንጨርስ ኃላፊያችን ገቡ።

«ነገ ጠዋት ይደርሳል?»

«ኢንሻአላህ፣ ጋሼ።»

«አዎ ወይስ አይ?»

አዎ በል፣ ምን አለበት! እላለሁ በሆዴ።

«ነገን እኔ አልያዝኳትም፣ ጋሼ» አለ ሰይድ ቀስ ብሎ።

ኔትወርኩ እየተንቀራፈፈም ቢሆን እንደገና አስጀምረነው፣ ቅዳሜ ሠልጣኞቹ ሳይገቡ ሁሉም ተጭኖ አለቀ። ኃላፊያችን ግን «በቁርጥ የማይናገር ሰው አልፈልግም» ብለው አሰናበቱት። ዛሬም ያንገበግበኛል። ሰይድ ዋጃ ገብቶ ማሽላውን ያርሳል፣ አልፎ አልፎ እንደዋወላለን።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ ስንቱ አለፈ! ስንቱ ሰው «ነገ እንገናኝ» ተባብሎ ሳይገናኝ ቀረ። ማሠልጠኛችንም በጦርነቱ ተዘርፎ፣ ባዶውን ከርሞ ነው እንደገና የተከፈተው።

ዋይን ነካሁ፤ ለማሽኑ እሱ ይበቃዋል። አንዲት ሠልጣኝ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆም አለች።

«ቲቸር፣ ነገ ትምህርት አለ?»

እኔ ማርያምን እየተሳለምኩ ያደግሁት ሰው፣ «ኢንሻአላህ» አልኳት።

አዎ ወይስ አይ ብላ አልጠየቀችኝም።