የአሜሪካ ካሜራ በካዛንቺስ መብራት

ጥፋቱን ከራሴ ልጀምር፤ ሌላው ላይ ስደርስ ማንንም አልምርም። ካሜራውን ልገዛ ስታዲየም አካባቢ ስሄድ ነጋዴው ሁለት አውጥቶ አሳየኝ። ሁለቱም ኤች ዲ፣ ሁለቱም በካሴት የሚሠሩ፣ ሁለቱም ያልተነኩ ነበሩ። አንዱ ከዱባይ የመጣ ነው፣ አንዱ ከአሜሪካ። ነጋዴው ለዚህ አገር የዱባዩ ይሻላል ብሎ መከረኝ። ሳቅሁበት። ያን ጊዜ፣ ከሚሊኒየሙ ማግስት፣ እኛ ሰፈር የአሜሪካ ነው በተባለ ዕቃ ላይ ጥያቄ አይነሳም፤ ጫማም ይሁን መድኃኒት። የዱባይ ማለት ነገ የሚሰበር ማለት ነበር። ሰውየው አልሸጥ ያለውን ሊያሸክመኝ ነው ብዬ የአሜሪካውን ታቅፌ ወጣሁ።

ሥራዬ ሠርግ መቅረጽ ነው። ካዛንቺስ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ኮምፒውተሬን ግድግዳው ሥር አስቀምጬ፣ የቀረጽኩትን እዚያው ኤዲት አደርጋለሁ። በዚያ ዘመን ሠርግ የምትቀርጽ ሌላ ሴት አላውቅም ነበር። በየሄድኩበት ዋናው ሰውዬ መቼ ነው የሚመጣው ይሉኛል። ወንዱ አሮጌ ካሜራ ይዞ ቢመጣ ልምድ ያለው ነው ይባላል፤ እኔ አሮጌ ይዤ ብመጣ ድሮም አትችልም ነው የምባለው። ለዚህ ነው የከተማውን ምርጥ ካሜራ ካልያዝኩ ያልኩት።

በአዲሱ ካሜራ መጀመሪያ የሠራሁት ቂርቆስ ለምትኖር አንዲት ልጅ ነበር። አባቷ በሕይወት ስለሌሉ በአባት ቦታ የቆሙት አጎቷ ናቸው። ልጅቷ ሠርጌን የምትቀርጽልኝ እሷ ናት ብላ ስለመረጠችኝ እሳቸውም ፊታቸውን ቋጥረው ተቀበሉኝ። የሽምግልናው ዕለት ሽማግሌዎቹ ገና ከመቀመጣቸው፣ አጎቷ የያዝኩትን ላይት ዓይን ያጠፋል ብለው አስጠፉኝ። መጋረጃው ተጋርዷል፤ የቀረኝ ኮርኒሱ ላይ ያለው ረጅሙ ፍሎረሰንት ብቻ ነው። ካሜራው ላይ ባለችው ትንሽ ስክሪን ምስሉ ሲርገበገብ አየሁ። የስክሪኗ ነው ብዬ አለፍኩት።

የስክሪኗ አልነበረም። ቤተሰቡ ተሰብስቦ በቴሌቪዥን ሲያየው፣ የእነዚያ ሁሉ የተከበሩ ሽማግሌዎች ፊት ብልጭ ድርግም ይላል። ልጆቹ ሳቁ። አጎቷ ተነስተው ቴሌቪዥኑን በእጃቸው አጠፉና፣ ሠርጉ ሁለት ሳምንት ስለቀረው ሌላ ሰው እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ልጅቷ ለመነቻቸው። በልመናዋ አንድ ሳምንት ሰጡኝ፤ ካሜራው ካልዳነ ሠርጉ የሌላ ሰው ነው። ቂርቆስ ውስጥ አንድ ሠርግ ከተነጠቅሁ ደግሞ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ኡራኤል እንደሚደርስ አውቃለሁ።

ለገሃር አንድ የካሜራ ጠጋኝ ነበር፣ እሱም ሠርግ የሚቀርጽ። ካሜራውን ከፈተ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ሄድ በአልኮል ጠራረገ፣ ገጠመ። አልተሻለውም። ቦርዱ ተቃጥሏል አለኝ፤ የሚድን አይደለም፣ ከፈለግሽ ለመለዋወጫ እገዛሻለሁ። ይህን ሲለኝ ካሜራው በባትሪ በርቶ ወደ እሱ ዞሯል፤ በሱቁ ፍሎረሰንት ሥር፣ በስክሪኑ ላይ ፊቱ እንደልማዱ ይርገበገባል። በዚያው ቅጽበት የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ጎረቤቱ ሁሉ ሲራገም እኔ ስክሪኑ ላይ ፈጥጬ ቀረሁ። የጠጋኙ ፊት፣ በመስኮት በሚገባው የቀን ብርሃን፣ እንደ ፎቶ ቀጥ ብሏል። መብራቱ ሲመጣ መርገብገቡም አብሮ መጣ።

ችግሩ ከመብራቱ እንጂ ከካሜራው አይደለም አልኩት።

“መብራቱ ካሜራሽን ጠልቶት ነው?” ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

አንድ ጊዜ ነገርኩት። ሁለተኛ አልነገርኩትም።

ከእሱ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ስታዲየሙ ነጋዴ ሄድኩ። የአሜሪካ መብራት በሴኮንድ ስድሳ ጊዜ ይመላለሳል፣ የእኛ ሃምሳ፤ ዱባይ እንደ እኛ ነው፤ ካሜራውም የተሠራው ለአገሩ መብራት ነው ብሎ አስረዳኝ። መድኃኒቱን ግን አላውቅም አለ። ብዬሽ አልነበር ወይ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር፤ አላለኝም፤ ያ ነው የበለጠ ያሳፈረኝ።

ሁለት ቀን ክፍሌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ካሜራውን ወደ ኮርኒሱ ፍሎረሰንት አዙሬ፣ ሜኑው ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ እየነካሁ፣ የነካሁትን ደብተር ላይ እየጻፍኩ። የቀለሙን ሞከርኩ፣ የድምቀቱን ሞከርኩ፤ ምንም የለም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ሸተሩን፣ ማለትም ካሜራው ዓይኑን የሚከፍትበትንና የሚዘጋበትን ፍጥነት፣ ከስድሳ አንስቼ መቶ ላይ፣ የሃምሳችን እጥፍ ላይ፣ አደረግሁት። ምስሉ ቀጥ አለ። ብቻዬን እልል አልኩ፤ ጎረቤቴ ማን ወለደ ብላ በሩን አንኳኳች።

ሳምንቱ ሳይሞላ ካሜራውን ይዤ አጎቷ ቤት ደረስኩ። በዚያው ሳሎን፣ በዚያው ፍሎረሰንት ሥር ራሳቸውን ቀርጬ በቴሌቪዥናቸው አሳየኋቸው። አንዲት ነገር አትርገበገብም። ልጅቷ በደስታ አጨበጨበች። እሳቸው ግን ሰው መያዛቸውን ነገሩኝ። የያዙት ያንኑ የለገሃሩን ጠጋኝ ነው፤ ካሜራዬ እንደሞተ የነገራቸውም እሱ ነው። የሞተው ካሜራ ከዓይናቸው ፊት እየሠራ ነው ብዬ ተከራከርኩ።

“እሺ፣ ዳነ እንበል፤” አሉ፣ “ግን የሽማግሌ ጉባኤ ፊት ሴት ልጅ ካሜራ ተሸክማ ስትዞር ደስ አይልም። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰማሽም?”

“እንግዲያው የተበላሸው ካሜራው አልነበረማ፣ ጋሼ።”

አፍሽን ሰብስቢ አሉኝ። አፌን ሳይሆን ገመዴን ሰብስቤ ወጣሁ። አላለቀስኩም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ የናቁት እኔን እንጂ ሥራዬን አለመሆኑ አሁን ግልጽ ሆኖልኛል፣ በተናቅሁ ደግሞ አላለቅስም።

ሠርጉ አለፈ። በአሥራ አምስት ቀኑ አጎቷ ብቻቸውን፣ ካሴቱን በፌስታል ይዘው ክፍሌ ድረስ መጡ። ነገሩን ቆመው አስረዱኝ። ቤተሰቡ ኤች ዲ ካልሆነ ስላለ ጠጋኙ ካሜራ ተከራይቶ ነበር የመጣው፤ የተከራየውም ከአሜሪካ የመጣ፣ የእኔው ዓይነት። ደጅና መናፈሻ ላይ የቀረጸው አምሯል። ጠዋት ሳሎን ውስጥ፣ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ የወላጅ ምርቃት የተቀበለችበት ግን ከዳር እስከ ዳር ይርገበገባል። እዚያም ላይት ያስጠፉት አጎቷ ራሳቸው ናቸው። ልጅቷ ካየችው ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ በኮምፒውተር ይስተካከል እንደሆነ ብለው መጡ።

ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። በጣም ደስ አለኝ። ካሴቱን ኮምፒውተሬ ላይ አስገብቼ ስከፍተው ግን ሙሽራዋ ተንበርክካ ጉልበት ስትስም ፊቷ ይበራል፣ ይጠፋል። እኔን ከመምረጧ በቀር ምን አጠፋች? ግማሽ ቀን ሙሉ የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ፤ አጎቷ ከኋላዬ ተቀምጠው ያያሉ። በካሴት የገባ መርገብገብ አይወጣም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፦ ልጅቷ ቬሎዋን ትልበስ፣ ሽማግሌዎቹ ይጠሩ፣ ምርቃቱ ይደገም፣ እኔ እቀርጻለሁ። ክፍያ አልፈልግም። ግን በዚያው ሳሎን፣ በዚያው መብራት ሥር ይሁን፤ የምቀርጸው እኔ መሆኔንም ለሽማግሌዎቹ የሚነግሩት እርስዎ ይሁኑ፤ በጓሮ በር አልገባም።

ባዶውን ፌስታል አጣጠፉ። በመጨረሻ “ምርቃት ቢደገም አይጎዳም” ብለው ተነሱ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሳሎኑ ሞላ። አጎቷ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መሐል ቆሙና ዛሬ የምትቀርጸን ይህቺ ልጅ ናት፣ ቅር የሚለው ካለ ለእኔ ይንገረኝ አሉ። አንድ ሽማግሌ ወንበራቸውን ገፋ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ። ልጅቷ መጥታ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን ዘረጉ። አጎቷ እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ፣ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ ሽማግሌዎቹን አዩ። ስንት ሠርግ የመሩ ሰውዬ መላው ጠፋባቸው።

“ወዴት ልይ?” አሉ ቀስ ብለው።

ካሜራውን ከትከሻዬ አላወረድኩም።

“ወደ እኔ ይዩ፣ ጋሼ።”

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ መረቁ።