ሦስት የመፍቻ ምት

ዛሬ ጠዋት ቤቴ መብራት ጠፋ። እኔ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ከጥርሴ በፊት የሥራ ልብሴን የምፈልግ ሰው ነኝ። ሰው ሠራሹን ጥርሴን ኪሴ ከትቼ ከጌጃ ሰፈር እስከ ሰንጋ ተራ ጉልበቴ የፈቀደውን ያህል ሮጥኩ። የምሠራበት ሕንፃ ጓሮ ገባሁና ጄኔሬተሩን አስነሳሁት። ሞተሩ አጓራ፤ ጥቁር ጭሱን ተፋው። የዕለቱ ጀግና እኔ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

«ጋሼ! ኧረ ጋሼ! ምን ነካዎት? መብራት እኮ አለ!»

የጮኸችው ጓሮው ውስጥ ለሁለተኛው ፎቅ የጥርስ ክሊኒክ ነጭ ጋውን የምታጥበው ሴት ናት። ቀና ስል ማዶ ያሉት ሱቆች ሁሉ በርተዋል። ለካ የጨለመው የእኔ ቤት ብቻ ነው፤ የቆጣሪዬን ካርድ ሳልሞላ ቀርቼ!

ጋውኖቹ ግን ነጭ መሆናቸው ቀርቷል።

ደንብ ነበረን፤ ዛሬ ረሳሁት። ከማስነሳቴ በፊት የጭስ ማውጫውን በመፍቻ ሦስቴ እመታለሁ፤ እሷ ሮጣ ልብሷን ታነሳለች። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ በሚሠራበት ዘመን የምታሰጣው እዚያ አጥሩ ጥግ ነበር። ኋላ የሕንፃው ባለቤት ሶላርና ባትሪ አስገባ። ባትሪው መጀመሪያ የሕንፃውን ሱቆች ከእኔና ከሞተሩ ወሰደብን፣ ቀጥሎ ሊፍቱን፤ የውሃ ፓምፑ ብቻ ቀረልን። አሁን እንዳይዝግ ቅዳሜ ቅዳሜ ትንሽ አስነስቼ አጠፋዋለሁ። እሷም ገመዷን እያስጠጋች እያስጠጋች ጭስ ማውጫው አፍ ደርሳለች። ድሮ መብራት ሲመጣ ሕንፃው በሙሉ «መጣ!» ብሎ ይጮህ ነበር። ዛሬ መሄዱንም መምጣቱንም የሚያውቅ የለ። ሥራ ላይ ልሁን ጡረታ ላይ፣ እኔም አልለየልኝም።

ባለቤቱ አስጠንቅቆኝ ነበር፦ «ጄኔሬተሩ እስከ ክረምት ይቆይ። አንድ ሰው ካማረረ ግን በዚያው ዕለት እሸጠዋለሁ።» እሱ ከተሸጠ የእኔም ነገር አበቃ፤ ባዶ ጓሮ ለማስነሳት ሽማግሌ የሚቀጥር የለም።

ወዲያው ባለቤቱ ከደረጃው ወረደ።

«ማን አስነሱ አለዎት?»

አፌን ስከፍት ጥርሴ ኪሴ ውስጥ መሆኑ ትዝ አለኝ። እሱን ስፈልግ እሷ ቀደመችኝ።

«እኔ ነኝ ያልኳቸው። ፓምፑ ውሃ አልሰጥ ብሎኝ ነው።»

«ልብሱስ?»

«እሱን ለእኔ ይተዉት።»

እንዳመናት እንጃ። ጋውኖቹን አየ፣ እኔን አየ። «ካሁን በኋላ እኔ ሳልፈቅድ አይነሳም፤ ቅዳሜም ቢሆን» ብሎ ሄደ።

«በሉ አሁን ጥርስዎን ያድርጉ» አለችኝ፣ ጋውኖቹን እንደገና እየነከረች።

«ሳሙና ላምጣልሽ?»

«ሳሙና ሞልቶኛል። ያልመቱልኝን ሦስት ምት ይስጡኝ።»

እንዴት አድርጌ? ሳላስነሳ ብመታ በከንቱ አሯሩጣታለሁ፤ እንዳላስነሳ ደግሞ ተከልክያለሁ። መፍቻውን ይዤ ጭስ ማውጫው ሥር ተቀምጫለሁ። ሦስት ምት አለብኝ።