እንጥሏ ወረደ ሲሉኝ

የመጀመሪያ ልጄ ገና ጡት ላይ ሳለች ታመመች። ያኔ ከባሌ ጋር ኮምቦልቻ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው፤ እሱ ፋብሪካ ፈረቃ ገብቷል። ልጅቱ ገላዋ እንደ ረመጥ ይፋጃል፣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች፣ ጡት ስሰጣት ጥቂት ስባ ትተፋዋለች። ጤና ጣቢያ ልወስዳት አንቀልባዬን ሳነሳ፣ በስልክ መታመሟን የሰሙት አማቴ ከደሴ ዙሪያ ከተፍ አሉ። ብቻቸውን መቼ ሆኑና! እንጥል የሚቆርጡ ሽማግሌ አስከትለዋል።

«እንጥሏ ወርዶ ነው» አሉ ገና ከደጅ። «ቢስሚላህ ብለን እናስቆርጥላት።»

ይህች «ወረደ» የምትባል ቃል ስንቱን ሕፃን ለምላጭ እንደዳረገች አላህ ይወቀው። ለመሆኑ ያልወረደ እንጥል ማን አለው? መንጠልጠል ሥራው አይደል እንዴ!

«እማማ፣ እንጥል የሁሉም ሰው እንዲህ ነው» ብዬ የስልኬን መብራት አበራሁና አፌን ከፈትኩላቸው።

ጎንበስ ብለው አዩ። ክው አሉ። «ያ አላህ! ያንቺማ ብሶበታል! እናትሽ ምን ነክቷት ነው ሳታስቆርጥ የዳረችሽ?»

ሳቄ መጣ፤ ልጄን ግን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኳት።

«እንግዲያው ከእኔ ይጀምሩ» አልኳቸው ሽማግሌውን። እሺ ቢሉኝ ምን ይውጠኝ እንደነበር እንጃ!

ሽማግሌው ምላጫቸውን በጨርቅ እየጠቀለሉ «ኧረ ልጄ፣ የትልቅ ሰው አይቆረጥም፤ ደሙ አልቆምም ይላል» አሉ።

«የትልቅ ሰው ደም አልቆምም ካለ፣ የዚችን ጭብጥ የማታክል ልጅ ደም ማን ቁም ሊለው ነው?»

ሽማግሌው የተጠቀለለውን ምላጭ ኪሳቸው ከተቱ። አማቴ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «እኔም ተቆርጫለሁ፣ ባልሽም ተቆርጧል፤ ሞተናል?»

«እናንተማ ተርፋችኋል፣ አልሐምዱሊላህ። ያልተረፉት መጥተው አይነግሩን!»

ልጄን አዝዬ ወጣሁ። አማቴ እያጉረመረሙ ተከተሉኝ።

ጤና ጣቢያ ነርሷ የልጄን ልብስ ገልጣ አሳየችን፤ ስትተነፍስ የጎድኗ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል። «የሳንባ ምች ነው» አለች። አማቴ «ምች» የምትለዋን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «ለምችማ ዳማከሴ ጨምቄ አጠጣታለሁ!»

«የሳንባው ሌላ ነው፣ እማማ። ቢዘገይ ይገድላል፤ ዳማከሴ አያድነውም» አለች ነርሷ።

አንቺ የምታነቢኝ እህቴ፣ የልጅሽ ትንፋሽ ከፈጠነ፣ የጎድኑ ሥር ከተሰረጎደ፣ ጡት እንቢ ካለ፣ የማንንም ፈቃድ አትጠብቂ። ሂጂ። ይቀየሙሽ፤ ቅያሜ በሽምግልና ይፈታል።

ጤና ጣቢያ የሰጡንን መድኃኒት ጀምራ ከቀናት በኋላ ልጄ ጡቴን ይዛ አልለቅም አለች። ጉሮሮዋ ጉርት ጉርት ሲል አማቴ ቁጭ ብለው ሲያዳምጡ ቆዩ።

«ወላሂ፣ እንዳንቺ ያለ ግትር አላየሁም» አሉኝ።

«ገና መች አይተው!» አልኳቸው።